በጊዮርጊስ ደጅ የቆሙት፦ ጋብቻና ያላገቡ ምእመናን በአራዳ ታሪክ

በማለዳ ከፒያሳ ተነሥተው በአራዳ ጊዮርጊስ በኩል ቢያልፉ በቅጽሩ በር ላይ የቆሙ ሰዎችን ያያሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቃኑን ተሳልመው፣ ጥቂት ጸልየው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። አንዳንዱ ወደ ውስጥ ያልዘለቀው ሥራ ስለሚቸኩልበት ነው። ሌላው ግን ሌሊቱን ከትዳር ጓደኛው ጋር ስላደረ፣ በሥርዓቱ መሠረት ያን ቀን ቤተ መቅደስ መግባት እንደማይገባው ስለሚያውቅ ነው። ከደጅ ቆሞ መጸለይ ለእርሱ ቅጣት ሳይሆን አክብሮት ነው።

እኛ ወንጌላውያን ይህን ስናይ «በክርስቶስ ሥራ በሩ ለሁሉም ተከፍቷል» ማለት ይቀናናል። አባባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በማስተምርበት ክፍል የተነሣ አንድ ጥያቄ ይህን መልስ በቀላሉ እንዳልሰጥ አድርጎኛል። ጠያቂው በመሐል ከተማ በሚገኝ አጥቢያ የሚያገለግል ተማሪ ነበር። በዚያ አጥቢያ ልጆችን ለብዙ ዓመታት ያስተማረች፣ ዕድሜዋ ወደ አርባ የተጠጋ እህት ለአንድ የአገልግሎት ኃላፊነት ታጨች። ሽማግሌዎቹ በእምነቷም ሆነ በኑሮዋ ነቀፋ አላገኙባትም። ሆኖም «መጀመሪያ ጌታ ትዳር ይስጣት» ብለው ስሟን ከዕጩዎች ዝርዝር አወጡት። ተማሪው «መምህር፣ ይህ ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው ወይስ ከእኛ?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው። በአጭሩ ለማሳየት የምሞክረው ይህን ነው፦ በአራዳ ታሪክ እያንዳንዱ ዘመን በጋብቻ ምክንያት ከደጅ የሚያቆመው ሰው ነበረው። የቀደሙት ሰዎች ከደጅ ያቆሙትን አስገብተናል ብለን ደስ የሚለን እኛም፣ ሳናስተውል ሌላ ሰው ከደጅ አቁመናል። እርሱም ያላገባው ምእመን ነው።

ቁርባንና ሰማንያ

አዲስ አበባ ስትቆረቆር፣ በጊዮርጊስ ዙሪያ የአራዳ ገበያ ሲደራ፣ በዚያ የሰፈረው ሕዝብ ሦስት ዐይነት ጋብቻ ያውቅ ነበር። አንደኛው በቤተ ክርስቲያን በቅዱስ ቁርባን የሚፈጸመው ነው። ባልና ሚስት አብረው ሥጋ ወደሙን ይቀበላሉ፤ ከዚያ በኋላ መፋታት የለም። ሁለተኛው በሽማግሌና በምስክር ፊት በውል የሚታሰረው የሰማንያ ጋብቻ ነው። ይህ በሽማግሌ ታስሮ በሽማግሌ ሊፈታ ይችል ነበር። ሦስተኛው ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ የሚፈጸመው የደመወዝ ጋብቻ ሲሆን፣ ከቤቱ ርቆ የሚሄድ ነጋዴና ወታደር ይጠቀምበት ነበር።

አብዛኛው ሕዝብ የሚጋባው በሰማንያ ነበር። ቁርባን የማይፈታ ስለሆነ ወጣት ባለ ትዳሮች ይፈሩታል። «ቆይ፣ እንተዋወቅ፤ ስናረጅ እንቆርባለን» ማለት የተለመደ ነበር። ውጤቱን ልብ ይበሉ። በሕፃንነቱ የቆረበው ክርስቲያን ለአቅመ አዳም ሲደርስ ከማእዱ ይርቃል፤ የሚመለሰውም ጉልበቱ ሲደክም ነው። ሕዝቡ ይጾማል፣ ይሳለማል፣ ይዘክራል፤ ከቅዱስ ቁርባን ግን ሩቅ ነው። በካህናቱ ዘንድ ነገሩ ሌላ ነበር። ለቅስና የሚታጭ ዲያቆን ወይ ድንግል የሆነች ሴት በቁርባን ያገባል ወይ ይመነኩሳል። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ ካገባ ክህነቱ ይቀርበታል።

ይህ ልማድ የድኻው ብቻ አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1875 ዓ.ም. በቁርባን ሲጋቡ ሁለቱም ቀድሞ ሌላ ትዳር ያዩ ጎልማሶች ነበሩ። ዛሬ ፒያሳ ላይ በስማቸው የሚጠራው ሆቴል ባለቤት የነበሩት እቴጌ፣ ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ ቀሪ ዘመናቸውን በእንጦጦ ማርያም አጠገብ በጸሎት አሳለፉ። የአንዲት እመቤት ሕይወት በዚህ መልኩ የዘመኑን ሙሉ መንገድ ያሳያል፦ መጀመሪያ የሚፈታ ትዳር፣ ቀጥሎ የማይፈታ ቁርባን፣ በመጨረሻም የመበለት ጸሎት።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ እኛ ያጣነው አንድ ነገር ነበር። ያላገባ ሰው የከበረ ስም ነበረው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 24 ስለ ጋብቻ ሲደነግግ፣ ከዚያ አስቀድሞ በአንቀጽ 10 ስለ መነኮሳትና መነኮሳይያት ይደነግጋል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሏን ትታ የመነኮሰችው ወለተ ጴጥሮስ የራሷን ማኅበር መርታለች፤ ገድልም ተጽፎላታል። በአራዳ ጊዮርጊስ ቅጽር ውስጥም ቆብ ያጠለቁ አሮጊቶች ማንም «ባልሽ የት አለ?» ሳይላቸው ኖረዋል።

ሆኖም ያለፈውን ማሳመር አይገባም። ይህ ክብር ለቆብ እንጂ ለአለማግባት አልነበረም። በሙሽርነትና በምንኩስና መካከል የቆመች ሴት፣ ማለትም የተፈታችው ወይም ባል ያላገኘችው፣ የምትጠራበት ቃል «ጋለሞታ» ነበር። ቃሉ በቀድሞው አማርኛ ባል የሌላትን ሴት ሁሉ ያመለክት ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ገላዋን የምትሸጥ ሴት ስም ሆነ። አንድ ቃል እንዲህ ሲቆሽሽ የማኅበረሰቡን ልብ ያጋልጣል። ባል የሌላት ሴት መጀመሪያ ተጠረጠረች፤ ከዚያ ጥርጣሬው ራሱ ስሟ ሆነ።

በአንድ ቤተ መቅደስ ሁለት ዘውዶች

የካቲት 4 ቀን 1909 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ በአራዳ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ። ለዙፋኑ የከፈሉት ዋጋ ግን ከባድ ነበር። ከባለቤታቸው ከራስ ጉግሣ ወሌ እንዲለዩ ተደረገ። ራስ ጉግሣ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ ስለነበሩ፣ መኳንንቱ በንግሥቲቱ በኩል የጣይቱ ወገን ተመልሶ ሥልጣን እንዳይዝ ሰግተው ነበር። ራስ ጉግሣ በጌምድርን እንዲገዙ ተላኩ፤ ንግሥቲቱ ያለ ባል፣ በጾምና በጸሎት ኖሩ። በ1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ በአንቺም ጦር ሜዳ በወደቁ በጥቂት ቀናት ውስጥ ንግሥቲቱም ዐረፉ።

ከዚያ በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዚያው ቤተ መቅደስ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነገሡ፤ በዚያው ቀን እቴጌ መነንም ዘውድ ጫኑ። በ13 ዓመታት ልዩነት አራዳ ጊዮርጊስ በመጀመሪያ ያለ ባሏ የነገሠችን ሴት፣ ቀጥሎ ደግሞ ባልና ሚስትን አነገሠ። በዚያው በ1923 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «የልብ አሳብ፥ የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳ ጋብቻ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። ክርስቲያናዊው ትዳር የዘመናዊነት ምልክት ሆኖ መታየት ጀምሮ ነበር።

ጌታችን በማቴዎስ 19፥12 ሳያገቡ የሚኖሩትን በሦስት እንደሚከፍላቸው ያስታውሳሉ፦ ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ እንዲሁ የሆኑ፣ ሰዎች ያደረጓቸው፣ ስለ መንግሥተ ሰማያት ብለው ራሳቸው የመረጡት። ስብከታችን ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውን ብቻ ያነሣል። ቃሉ የተነገረው በቀጥታ ስለ ጃንደረቦች መሆኑ ባይዘነጋም፣ የዘውዲቱ ታሪክ ሁለተኛውን እንድናይ ያደርገናል። አለማግባታቸውን አልመረጡትም፤ ሌሎች ለራሳቸው ጉዳይ ወሰኑባቸው። ይህን ልብ ይበሉ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከቤተ መቅደሱ ቁልቁል፦ ውቤ በረሃ

ከጊዮርጊስ ብዙ ሳይርቅ ደጃች ውቤ ሰፈር አለ። ስሙ የተወሰደው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው፤ እርሳቸውም በአንድ ወቅት የዘውዲቱ ባል ነበሩ። ይህ ሰፈር ከጣሊያን ወረራ በኋላ «ውቤ በረሃ» ተብሎ የመጠጥ ቤትና የሴተኛ አዳሪዎች መንደር ሆኖ ታወቀ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር በ«ሌቱም አይነጋልኝ» የጻፈው ስለዚሁ መንደር ነው።

ወረራው ራሱ በዚህ ታሪክ ውስጥ ድርሻ ነበረው። «ፒያሳ» የሚለውን ስም የተወልን ያ ዘመን፣ ብዙ ሺህ ወታደርና ሠራተኛ ወደ ከተማዋ አምጥቷል። የፋሺስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1937 ባወጣው ድንጋጌ ጣሊያናዊ ወንድ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ፤ የጣለውም ቅጣት ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ነበር። በገንዘብ የሚገኘውን ግንኙነት ግን አላጠፋም። የተከለከለው ዝሙቱ ሳይሆን ትዳር መሳዩ ኑሮ ነበር።

ከነጻነት በኋላ ወደ ውቤ በረሃ የገቡት ሴቶች ብዙዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ከተዳሩበት ቤት የሸሹ ወይም የተፈቱ የገጠር ልጆች ነበሩ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሴት ልጅን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት አድርጎ ነበር። ለሁለቱም ጾታ 18 ዓመት የሆነው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ከተማ የደረሰች የተፈታች ልጅ ዘመድ ከሌላት፣ እጅዋ ላይ ሙያ ከሌለ፣ የሚጠብቃት በር ጥቂት ነበር። ሌሊቱን በዚያ ያሳለፈው ወንድ በማለዳ ወደ ቤቱና ወደ ክብሩ ይመለሳል። ስሙን ተሸክማ የምትቀረው ሴቲቱ ነበረች። የደርግ ሰዓት እላፊ የውቤ በረሃን ሌሊት አጨለመው፤ ሚዛኑ ግን አልተስተካከለም።

ወንጌላውያን ምን አፈረሱ? ምን ሠሩ?

የስዊድን ወንጌላዊ ሚስዮን ሠራተኛው ካርል ሴደርክዊስት አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1904 ነበር። ከዚያ በኋላ በከተማዋ የተሰበሰቡት ወንጌላውያን ሁለት ነገሮችን አፍርሰዋል። አንደኛው በቁርባን ጋብቻና በሌላው ጋብቻ መካከል ያለው አጥር ነው። ትዳር አንድ ነው፤ ያገባ ሁሉ ታምኖ ይኖራል፤ ያመነ ሁሉ ወጣትም ቢሆን ወደ ጌታ ራት ይቀርባል። ይህ ለብዙ ባለ ትዳር ትልቅ ነጻነት ነበር። ለስንት ዓመት ከማእዱ ርቆ የኖረ ባልና ሚስት አብረው ሲቀርቡ ምን እንደተሰማቸው ማሰብ አያዳግትም።

ሁለተኛው ምንኩስና ነው። በዚህ ረገድ የተሐድሶው ልጆች ነን። ሉተር በ1521 (እ.ኤ.አ.) የምንኩስናን ስእለት ተቃውሞ ጻፈ፤ በ1525 መነኩሲት የነበረችውን ካታሪና ፎን ቦራን አገባ። የአውግስበርግ እምነት መግለጫም በአንቀጽ 23 ስለ ካህናት ጋብቻ፣ በአንቀጽ 27 ስለ ምንኩስና ስእለት ይናገራል። ከዚህ መግለጫ በኋላ በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተነጋግሯል፤ ቀሳውስት የሚያገቡባት ቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበርና በዚህ ነጥብ ከሉተር ጋር የሚያጣላው አልነበረም። ተሐድሶዎቹ የነቀፉት አለማግባት ጽድቅን ያስገኛል የሚለውን ትምህርት ነው። አለማግባትን ግን አልነቀፉም። የመግለጫው መከላከያ ድንግልናን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ስጦታ አድርጎ ያከብረዋል። እኛ ግን ነቀፋውን ተቀብለን አክብሮቱን ረሳነው።

የእኛ ታሪክ ግን ከእኛ ልማድ ይልቅ ሰፊ ነው። ወንጌልን ካመጡልን ሚስዮናውያን መካከል ብዙዎቹ ሳያገቡ ያገለገሉ ሴቶች ነበሩ፤ አስተምረዋል፣ አዋልደዋል፣ ቁስል አጥበዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የተነሣውን የጴንጤቆስጤ መነቃቃት ከፊት ሆነው የመሩት በአብዛኛው ያላገቡ ተማሪዎች ነበሩ። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ለመንግሥት የምዝገባ ጥያቄ አቅርባ እ.ኤ.አ. በ1967 ስትከለከል ከጥያቄው ጀርባ የነበሩት ወጣቶች ናቸው። በደርግ ዘመን አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ የቤት ለቤት ኅብረቱን ካቆሙት ውስጥም ላጤዎች ብዙ ነበሩ። ያን ጊዜ ማንም «መጀመሪያ ትዳር ያዝ» አላላቸውም፤ ተላኩ፣ ታሰሩ፣ መሩ።

እነዚያ ወጣቶች ኋላ አገቡ፣ ሽማግሌ ሆኑ፤ አጥቢያዎቻችንም በእነርሱ ዕድሜ አብረው አደጉ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተገኘው ነጻነት የጋብቻ ትምህርት፣ የእጮኛሞች ምክር፣ የባልና ሚስት ጉባኤ ተስፋፋ። በኤችአይቪ ዘመን ብዙ አጥቢያዎች ከሠርግ በፊት ምርመራ ጠየቁ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ብዙ ቤት አድኗል። ነገር ግን ያላገባ ምእመን በዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ሆነ፦ ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገና ያልደረሰ መንገደኛ። ስለ እርሱ የምንጸልየው አንድ ጸሎት አለን፤ እርሱም እንዲያገባ ነው። ዕድሜው ሲገፋ ጸሎቱ ወደ ሹክሹክታ ይለወጣል። በተለይ ሴት ከሆነች መንደሩ «ቆሞ ቀር» የሚላትን እኛ በትሕትና አሳምረን እንደግመዋለን።

ከታሪክ ወደ እረኝነት

መጋቢ ወይም የወደፊት መጋቢ እንደመሆንዎ ሦስት ነገሮችን እንዲያስቡ እለምናለሁ።

የመጀመሪያው ሒሳብ ነው። በብዙ አጥቢያዎቻችን እህቶች ከወንድሞች ይበዛሉ። እኛ ደግሞ፣ በትክክልም፣ አማኝ ከማያምን ጋር እንዳይጣመር እናስተምራለን። እነዚህን ሁለት ነገሮች ሲደምሩ ከእህቶች አንዳንዶቹ ሳያገቡ እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። ታዲያ ትምህርታችንን ታዝዛ፣ የመጣላትን የማያምን ሰው እምቢ ብላ የቀረችውን እህት «ምን ጎድሏት ነው?» ብለን እንጠይቃለን። ሒሳቡን የሠራነው እኛ፣ ውጤቱ የሚታሰብባት ግን እርሷ ናት። የጌታን ክፍፍል ካስታወሱ ይህች እህት በአንድ በኩል ስለ መንግሥተ ሰማያት ዋጋ የከፈለች ናት፤ በሌላ በኩል ሌሎች ለወሰኑት ነገር ሸክሙን የተሸከመች ናት፤ እንደ ዘውዲቱ። በሁለቱም በኩል የሚገባት ክብር እንጂ ጥርጣሬ አይደለም።

ሁለተኛው ተግሣጽ ነው። ከትዳር ውጭ የሚደረግ ግንኙነት ኃጢአት መሆኑን የምናስተምረው ለሁሉም ነው። ከኅብረት የምናግደው ግን በአብዛኛው ማንን ነው? ሆድዋ የገፋውን ልጅ ነው። የእርሷ ኃጢአት በአካልዋ ይታያል፤ የወንዱ በዝምታው ይሸፈናል። አብረው ካልተጠየቁ፣ አብረው ካልተመከሩ፣ አብረውም ካልተመለሱ፣ የውቤ በረሃን ሚዛን ቤተ ክርስቲያን አስገብተናል ማለት ነው። የሁለቱን ጉዳይ ለየብቻ ከመወሰን በፊት የሁለተኛውን ስም መጠየቅ የእረኛ ግዴታ ነው። ንስሐ ሲገቡም የሚመለሱበት በር ለሁለቱም እኩል ይከፈት።

ሦስተኛው የምርጫ መስፈርት ነው። በ1 ጢሞቴዎስ 3፥2 የተጻፈው የአንዲት ሚስት ባል የመሆን መስፈርት የትዳር ታማኝነትን ይጠይቃል። ትዳርን ራሱን ግዴታ ያደርጋል ካልን ሐዋርያው ጳውሎስን ከአገልግሎት እናስወጣዋለን፤ እርሱ በ1 ቆሮንቶስ 7 ያላገቡት እንደ እርሱ ቢኖሩ መልካም መሆኑን፣ ሁለቱም ኑሮ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን ጽፏልና። ይልቁንም ጌታችን ራሱ በአጥቢያችን ለሽምግልና አይበቃም ነበር። ለዚያ ተማሪ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው፦ የእህታችን ስም ከዝርዝሩ የወጣው ከመጽሐፍ ቅዱስ የተነሣ አይደለም።

እነዚህ ሦስቱ የሚጠይቁት አሳብን መለወጥ ብቻ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና ሌሎቹ የአሮጌው ፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ፣ አንድ ግቢ ተጋርተው የኖሩ ሰዎች በከተማዋ ዳርቻ ተበተኑ። ባለ ቤተሰቡ ቤተሰቡን ይዞ ሄደ። በዚያ ግቢ በአንድ ክፍል ተከራይታ የኖረችው ላጤ ግን ቤተሰቧ ጎረቤቶቿ ነበሩ፤ ስትታመም ሾርባ ያመጡላት፣ ስትዘገይ በር የከፈቱላት እነርሱ ናቸው። ዕድር በአባወራና በእማወራ ይቆጠራል፤ ተከራይ ላጤ ብዙ ጊዜ አይመዘገብበትም። ዛሬ በማታውቀው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። አንድ ቀን ብትሞት ድንኳኑን የሚተክለው ማን ነው?

የቀደመችው ቤተ ክርስቲያን መበለቶችን በስም መዝግባ ትጦር ነበር (1 ጢሞቴዎስ 5፥9)። እርስዎም በዚህ ሳምንት የአጥቢያዎን መዝገብ ገልጠው ብቻቸውን የሚኖሩትን በስም ይጻፉ። ማን ይጠይቃቸዋል? በበዓል ማን ቤት ይበላሉ? ቢታመሙ ሐኪም ቤት የሚያድርላቸው ማን ነው? ቤተሰቦችን ይጥሩና አንድ አንድ ሰው በማእዳቸው ዘወትር እንዲያስቀምጡ ይጠይቁ፤ ላጤውም እንግዳ ሆኖ ሳይሆን የቤቱን ልጆች አብሮ የሚያሳድግ፣ የቤቱን ሸክም አብሮ የሚሸከም የቤት ሰው ሆኖ ይቀመጥ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በሐዋርያት ሥራ 8 በተጻፈው ጃንደረባ እንመካለን። ከአገራችን የመጀመሪያው አማኝ እያልን እንጠራዋለን። ሚስትና ልጅ የሌለው ሰው እንደነበር ግን እምብዛም አንሰብክም። ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ሲመለስ በእጁ የያዘው የኢሳይያስ ጥቅልል ነበር። ያነበበው ክፍል ትንሽ ወደ ታች ቢቀጥል በምዕራፍ 56 እግዚአብሔር ለጃንደረቦች የገባውን ቃል ያገኝ ነበር፤ በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው የተናገረውን። ፊልጶስ በሠረገላው አጠገብ ሮጦ ደርሶ ሲያስተምረው፣ ሰውየው የጠየቀው እንዳይጠመቅ የሚከለክለው ነገር ካለ ነበር። ፊልጶስ አንዳች መከልከያ አላቀረበም፤ ሁለቱም ወደ ውሃው ወረዱ። ያ ጥያቄ ዛሬ በአጥቢያዎ ሲነሣ መልስ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት።